ሃያ ሁለት ደቂቃ ዝምታ

ሰው በአርባ አራት ዓመቱ ቼዝ ይጀምራል? የቧንቧ ሠራተኛው ግን ጀመረ። የጡረተኛውን መምህር የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግን ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሰሌዳ ሲያይ «ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ እንዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ፤ በዚያው ቀረ። ሚስቱ «ካረጁ አይበጁ!» እያለች ብትስቅበትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጋሼ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ አስተማሩት።

እንግዲህ ጉድ በሉ! ማስተር የሚባለውን የቼዝ ማዕረግ ለማግኘት አንድ ድል ብቻ ሲቀረው፣ የውድድሩ የመጨረሻ ዙር ከማን ጋር ቢያገናኘው ጥሩ ነው? ከራሳቸው ከጋሼ ጋር።

ጨዋታው ከጀመረ ሦስት ሰዓት አልፎታል፤ ሽማግሌው ንጉሡን ጥግ አስይዘውበት መውጫ አጥቷል። በውድድር ላይ ሰው ተጫውቶ ሲጨርስ ሰዓቱን ይጫናል፤ የእሱ ይቆምና የባላጋራው መቁጠር ይጀምራል። ጋሼ ወታደራቸውን ገፉና፣ ሰዓቱን ሳይጫኑ እጃቸውን አጣምረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላው ሲያስብ ዓይን መጨፈን ልማዳቸው ነው። የሚቆጥረው የእሳቸው ሰዓት ነው፤ የቀራቸውም ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ!» ቢል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል! እሱ ግን አገጩን ይዞ የሚያስብ መሰለ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሁን እነግራቸዋለሁ አለ በሆዱ። አስር ሆነ። አሁን ብነግራቸው «እስካሁን የት ነበርክ?» ይሉኛል ብሎ ፈራና ጭራሽ ዝም አለ። የሽማግሌውን ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ዳኛው መጥቶ የጋሼ ጊዜ ማለቁን ሲናገር አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ሰዓቱን አይተው ግንባራቸውን መቱ።

«አይ እርጅና! መጫኑን ረሳሁት እኮ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው አቀፉት። «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ፣ ማስተር!»

በመኪናው ሸኛቸው። በራቸው ሲደርሱ ጋሼ፣ «ከእንግዲህ ቼዝ ይቅርብኝ። አእምሮዬ ከከዳኝ ሰሌዳ ፊት ምን እሠራለሁ?» አሉ።

ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ፣ አይቻለሁ። ገና ሲረሱት ነው ያየሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፈቱ።

«ደንቡ ተናገር ብሎ አያስገድድህም» አሉ።

«እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔማ እነግርህ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ልጄ አይደለህ?»

ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።