ከሞተሩ ጀርባ

ሞተሩ ከአሮጌው ፊያት መኪና ሆድ ተነቅሎ በሰንሰለት ላይ ሲንጠለጠል አደሴ ሳታስበው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደስታ ይሁን ፍርሃት ለራሷም አልለየላትም። በባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ የታሰረው ጥቁር ብረት ቀስ እያለ ይዞራል፤ ያረጀ ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ሣሩን ያቆሽሻል።

«ተመስገን፣ ወጣ!» አለ መካኒኩ ዘአማኑኤል፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «አሁን የቶዮታው ሞተር የት ላይ እንደሚቀመጥ እንለካለን።»

እዚህ ለመድረስ አንድ ክረምት ሙሉ ክርክር ፈጅቷል። አደሴ ዶሮ ታረባለች፤ እንቁላሉን ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። የከተማው ባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ግን ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ሆነባት። ቢገኝም በግፊያው እንቁላሉ ተሰባብሮ ቀሚሷን አበላሽቶ ነው የምትደርሰው። ግቢዋ ውስጥ ደግሞ ሸራ ለብሶ፣ ጎማው ረግቦ፣ ዶሮዎቿ ከፀሐይ የሚጠለሉበት ይህ ፊያት ለዓመታት ቆሟል። ከመቆም ብዛት ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፤ መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ዘአማኑኤል ከተገለበጠ ቶዮታ የወጣ ደህና ሞተር እንዳለው ሲነግራት ልቧ ተነሣ። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ ጭነት ይዞ ዳገት አይፈራም።

ባሏ ፈየራ ግን በጄ አላላትም። የሚለውም ከንቱ አልነበረም። ለባዕድ ሞተር መቀመጫ ለመበየድ የመኪናው አጥንት የሆነው ሻንሲ መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠ ሻንሲ እንደ ተሰበረ እግር ነው፣ ቢጠገንም ሲከብደው ያነክሳል ይላታል። ሞተሩ ቢጎለብት ፍሬኑ የድሮው ነው፤ ሂያጅ እንጂ ቋሚ መኪና አይሆንልሽም ይላታል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ለማስቀየር በየቢሮው መንከራተቱንም ይጨምርበታል። አደሴ ዶሮዎቿን ስትቀልብ፣ እንቁላል ስትለቅም፣ ይህንኑ ስትመዝን ትውላለች። አንድ ቀን የእሱ ይከብዳል፣ ሌላ ቀን የእሷ።

ትናንት እራት ላይ ግን ፈየራ እጁን ከትሪው ሰብስቦ «እንደፈለግሽ አድርጊ» አላት። ጠዋትም ሳይሰናበታት ዘበኛ ወደሆነበት መጋዘን ወጣ።

ዘአማኑኤል የመኪናው ባዶ ሆድ ውስጥ አጎንብሶ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ሲፈትግ ቆየና እጁ ቆመ። ቀና ሳይል፦

«እትዬ አደሴ፣ ይህ መኪና ለምንድን ነው የቆመው?»

ጥያቄው ቅር አሰኛት። በሰፈሩ ይህንን የማያውቅ የለም።

«ፈየራን ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገድሎበት ነው» አለች። «የሐጀራን ባል፣ ባለሱቁን ኑሪን። ትራፊክ ፖሊሱ የፍሬኑን ፔዳል ቢረግጠው ወለሉን ነካ። ፍርድ ቤቱም ያንን አይቶ ቅጣቱን አቀለለለት። ሽማግሌ ገባ፤ ሐጀራም ነፍሷን ይማርና… ምን እላለሁ፣ እሷስ አለች፣ ዕድሜ ይስጣትና ይቅር አለች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነዳውም።»

ዘአማኑኤል በጣቱ ጠራት። ሞተሩ ከነበረበት ጀርባ፣ ላሜራው ላይ ተጣብቆ የሚወርድ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አሳያት። መሐል ላይ ለሁለት ተከፍሏል።

«የፍሬን ቱቦ ነው። ቱቦ ሲፈነዳ ይቀደዳል፤ በዝገት ሲበላም ይሳሳል። ይሄንን ይዩት።»

አየችው። ሁለቱ ጫፎች እንደ ተቆረጠ ሸንኮራ ልሙጥ ናቸው። አጠገባቸው ላሜራው ላይ፣ መጋዝ ያለፈበት ጭረት አለ፤ ጭረቱን ዝገት ሞልቶታል።

«አልፈነዳም፣ እትዬ። ተቆርጧል።»

አደሴ መጀመሪያ ያሰበችው ጠላት ነበር። ማን ነው ባሌን ሊገድል ያሰበ? ብላ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ አሰላሰለች። ሐሳቧ እዚያው ሲዳክር አንድ ነገር ብልጭ አለባት።

ያን ጠዋት «ባልሽ ሰው ገጨ» ሲሏት በባዶ እግሯ ነበር የሮጠችው። ሰዉ ሁሉ ኑሪን ተሸክሞ መኪና ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ተምሟል። ፈየራ ብቻውን ቀርቷል። ኮፈኑን ከፍቶ እስከ ወገቡ ገብቶበታል። ሲያያት ቀና አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ርሷል። ምን ሆኖብን ነው እያለ ብልሽቱን የሚፈልግ መስሏት ነበር። አዝናለት፣ ያንን እጅ በነጠላዋ ጠርጋለታለች።

«በቃ ለዛሬ» አለችው ዘአማኑኤልን፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ሂድ፣ ምሳህን ብላ።»

መካኒኩ ጨርቁን ጥሎ ወጣ።

ፈየራ ከወትሮው ቀድሞ ነው የተመለሰው። በሩን ሲከፍት ዓይኑ የተንጠለጠለውን ሞተር አልፎ፣ ቀጥታ እሷ ላይ አረፈ። ፊቷን ሲያይ ማወቋን ተረዳ። ካፖርቱን ሳያወልቅ የዶሮ መኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ቱቦውን የቆረጥከው ከገጨኸው በፊት ነው በኋላ?» አለችው።

«በኋላ።»

«ፍሬኑስ?»

«ደህና ነበር። አልረገጥኩትም። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ዓይኔ ተከደነ። ስገልጠው ኑሪ መስታወቱ ላይ ነበር። ሰዉ ይዞት ሲሮጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ የብረት መጋዙ ኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ፍሬኑ የተበላሸ እንዲመስል ቆረጥኩት። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጥር ሥር በየቀኑ ነው የማልፈው፣ አደሴ። ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን ሴቶች አያቸዋለሁ። አንቺን እዚያ መሐል አየሁሽ።»

«በእኔ አታመካኝ!»

ጩኸቷ ዶሮዎቹን በተናቸው። ፈየራ አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ የሻንሲ ነገር፣ ያ ሁሉ የሊብሬ ነገር፤ ክረምቱን ሙሉ በሚዛን ላይ ስታወጣ ስታወርደው የከረመችው ክርክር ገለባ ሆኖ ታያት።

«ትናንት ታዲያ ለምን እንደፈለግሽ አልከኝ?»

«እውነቱን ልንገርሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ። መካኒኩ ይንገርሽ ብዬ ነው።»

አብራው የበላችባቸው ቀኖች፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሐጀራ ቤት ሄደው የተቀመጡበት፣ የሐጀራ እጅ የፈየራን ትከሻ የነካበት፣ አንድ ላይ መጥተው ቆሙባት። ልታለቅስ ፈለገች፤ ዕንባው አልመጣም።

የግቢው በር ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሳይከፈትላት ገፋ አድርጋ የገባችው ሐጀራ ነበረች፤ ከሱቋ ለመካኒኩ ሚሪንዳ ይዛለች፤ ጠርሙሱ ላይ ጤዛ አለ።

«ሞተሩን አወጡት ሲሉኝ ደስ ብሎኝ መጣሁ!» አለች ሻርፗን እያስተካከለች። «ያ ሰውዬ የታለ?»

ሐጀራ በተንጠለጠለው ብረት ሥር ቆማ አደሴን አየች፤ ፈየራን አየች፤ መልሳ አደሴን አየች። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ለቀቀ።

«ምነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሞተ እንዴ?»

ፈየራ ሊነግራት ከጆንያው ላይ ተነሣ።