ቃሉን ጻፉት

እኔም ለቀስተኛው መሀል ነበርኩ። በአንድ ጎረቤታችን ቀብር ማግስት ሸክላ ሠሪዋ ዘሀራ ድርሻዋን ንፍሮ ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ቅሬያችን፣ ማለት የሰፈሩ ቀባሪ ማኅበር፣ የተቀበላት ገና አምና ነው። የቅሬው ዳኛ ደምመላሽ ሰፌዱን ከእጇ ነጥቆ ንፍሮውን ውጭ ደፋው።

«ቡዳ የነካውን አንበላም! ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥተሻል!»

ሠላሳ ሰው መሬት መሬት አየን። ሰው ማለት እኛ ከሆንን!

ዘሀራ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ከሰሰችው። ጊዜው 1972፣ ቦታው ደሴ፣ የሸንጎው ጸሐፊ እኔ። የሸንጎው ዳኛ ጓድ ቀለሙ በየስብሰባው «የእጅ ባለሙያን መናቅ የፊውዳል ርዝራዥ ነው!» እያለ የሚያስጨበጭብ ሰው ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳለት ግን ደምመላሽ ነው።

«ምን አለሽ?» አላት።

«ቡዳ አለኝ።»

ቀለሙ ፊቱን አጨማደደ። «እንዲህ ያለ ቆሻሻ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ጸሐፊ፣ ‹ተገቢ ያልሆነ ቃል› ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ ቃሉን ጻፉት!» አለች። «እኔ በሰው ፊት የተባልኩትን ወረቀቱ ምን ያጸይፈዋል? ካልተጻፈ በምን ትፈርዱልኛላችሁ? ቅሬው ካባረረኝስ፣ ወላሂ፣ ማን ይቀብረኛል?»

ለጆሮዋ ያልከበደ ቃል ለወረቀት ከበደ። አንገሸገሸኝ። ግን እንደታዘዝኩት ጻፍኩ።

ቀለሙ ኮምቦልቻ ስብሰባ ነበረበትና ቸኩሎ ፈረደ። «የተባለው ቃል ምን እንደሆነ በመዝገቡ ስላልተገለጸ ስድብ መሆኑ አልተረጋገጠም። ክሱ ተዘግቷል።» ደምመላሽ ጢሙን እያሻሸ ፈገግ አለ።

ለፊርማ ስትቀርብ ጣት የሚነከርበትን የአሻራ ቀለም ገፋ አደረግሁላት።

«እጽፋለሁ» አለች። ክረምቱን ሙሉ መሠረተ ትምህርት ተምራለች። እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ተገቢ ያልሆነ ቃል» የሚለው ላይ ስትደርስ ሰረዘችውና በላዩ ትልልቅ አድርጋ «ቡዳ» ብላ ጻፈች። ከግርጌ ስሟን አኖረች።

«እንግዲህ የፈረዳችሁበትን እዩት።»

«መዝገብ አበላሸሽ!» ብሎ ቀለሙ ከወንበሩ ተነሣ። ደምመላሽ ላይ እንዲህ አልጮኸበትም።

እኔ በሆዴ እሰይ እላለሁ። እሷን አክብሬ፣ እነሱን ተጸይፌ፣ ራሴን ከእነሱ ለይቼ ተቀምጫለሁ። እስክሪብቶዬን መለሰችልኝ። ተቀበልኳትና፣ ምን እንደማደርግ ሳላስበው፣ መሀረቤን አውጥቼ ጠረግሁት።

ቀና ስል እጄን እያየች ነው። መሀረቡን የምሸሽግበት ጠፋኝ።

«ግድ የለም፣ ጥረገው» አለችኝ። «አንተ እንኳ ክፉ ቃል ከአፍህ አልወጣም።»