የጥላዬ መላጊያ

አመለወርቅ የሰበሰበቻቸው የእጅ መሣሪያዎች ይተነፍሳሉ። መዶሻው ይተነፍሳል፣ ጉጠቱ ይተነፍሳል፣ መሮው ይተነፍሳል፤ አንድ ትልቅ መጋዝ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ያንኮራፋል። የሚተነፍሱት ባለቤታቸው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ብረቱ ዝም ይላል።

ድሬዳዋ ሲሞቅ ሰው በሩን ከፍቶ ስለሚውል ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። አንዳንዱ እንዲያውም አላፊ አግዳሚ ሲጠይቀው «የአመሌ መጋዝ ነው፣ ተኝቷል» ብሎ ያልፋል።

መሣሪያዎቹ የተሸጡት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ካለ አንድ አሮጌ ሱቅ ነው። ብረታቸው ላይ «ዋስትናው ለባለቤቱ ዕድሜ ልክ» የሚል ተመትቶበታል። ሱቁ ቃሉን ይጠብቃል። ሻጩ የተሰበረውን ዕቃ ይቀበልና ጆሮውን ያስጠጋል። ከተነፈሰ ባለቤቱ መጥቶ አዲስ ይረከባል፤ ካልተነፈሰ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይመልሰዋል። አመለወርቅ ከቆራሌው የለቀመችውን ስባሪ ይዛ፣ የዕቃውን ባለቤት ካለበት ፈልጋ፣ እጁን ጎትታ ወስዳ ስንቱን አስለውጣለች። ዕቃ አስለውጣ የተመለሰች ዕለት አንገቷ አንድ ጋት ይረዝማል።

ባሏ ጥላዬ አናጢ ነበር። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ጠዋት አረፈና ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። እህቱ እታገኝ ሐረር ለቅሶ ሄዳ ስለነበር «እስክደርስ ጠብቁኝ» ብላ ደወለች። አመለወርቅ አልጠበቀችም። «በዚህ ሙቀት ሬሣ አላሳድርም» አለች። ነገሩ ሙቀቱ አልነበረም። እታገኝ ግቢዋ ውስጥ እየተንከባለለች «ወንድሜን ምን አድርጋው ነው» ስትል መስማት አልፈለገችም። ሣጥኑ በጥድፊያ ተመታ፤ ጣውላው አልተላገም። ጥላዬ ደግሞ ያልተላገ እንጨት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነበር። ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ ወጡ እስኪቀርብ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጥላዬ መላጊያ ተሰነጠቀ። አመለወርቅ ልታየው አወረደችው። መላጊያው ይተነፍስ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የመጋዙ ማንኮራፋት ሸፍኖት ኖሯል። ትንፋሹ ጠባብ ቦታ እንደተኛ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

በነጠላዋ ጠቅልላ ወንዙን ተሻገረች።

ሻጩ ጆሮውን አስጠጋ። «ባለቤቱ አለ» አለ። «እሱ ራሱ ይምጣ።»

«ሞቷል።»

«አልሞተም፣ እትዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት። ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«እንግዲያው ቸኩለው ቀብረውታል።» ይህን ያለው ልኩ ያልሆነ ብሎን ገዝታ እንደመጣች ደንበኛ እያያት ነው። «ያስወጡትና ይዘውት ይምጡ። ያ ካልሆነ ሞቷል ብለው ይማሉልኝ፤ ትንፋሹን እዚሁ እዘጋዋለሁ።» በአገጩ ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ሞርሳ፣ ዕቃ ጨምድዶ የሚይዘውን ብረት፣ አሳያት።

«ያመዋል?»

«እርስዎን አያምዎትም።»

አመለወርቅ አሰበች። ጥላዬን ለማስወጣት ለእድሩ ሽማግሌዎች መንገር አለባት። ሽማግሌዎቹ ለእታገኝ ይነግራሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የከዚራ ሰፈር በሙሉ «አመለወርቅ ባሏን ከነነፍሱ ቀበረችው» ይላል። ሞርሳውን አየችው። መላጊያው ነጠላው ውስጥ ሆኖ ትንፋሹን ያዝ አደረገ፤ ወሬ የሚሰማ ይመስላል። መማሉም አልሆነላትም።

«ሚስቱ ነኝ። በእሱ ፈንታ አዲሱን እረከባለሁ» አለች።

«ይችላሉ። ግን አዲስ ዕቃ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ለባለቤቱም ሌላ ሙሉ ዕድሜ ይሰጠዋል።» ሻጩ የአሮጌውን ስንጥቅ በጣቱ ዳበሰ። «ያለበት ቦታ ይመቸዋል?»

አመለወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። «የራሱ ቦታ ነው» አለች። «ማንም አይደርስበትም።»

አዲሱ መላጊያ የጎረምሳ ትንፋሽ ነበረው። ከአሮጌው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። በማግስቱ ጠዋት አፉ ነጭ ፍቅፋቂ ጎርሶ አገኘችው፤ ስስ፣ ጥቅልል ያለ፣ ጥድ ጥድ የሚሸት። ቤቷ ውስጥ ጥድ የሚባል እንጨት የለም። የጥላዬ ሣጥን ግን ጥድ ነበር። ፍቅፋቂውን ጠርጋ ከሰል ማያያዣ አደረገችው። ጥሩ ይነድዳል። በየጠዋቱ ያው ሆነ። መላጊያውን በገመድ ጠፍራ አሰረችው፤ እንደታሰረ ጎርሶ አደረ።

ከዚያ ጥዱ አለቀ። አንድ ቀን አፉ ውስጥ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። ቀጥሎ ባሉት ቀናት አንድ ጎኑ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ፍቅፋቂ መጣ።

በዚያው ሳምንት እታገኝ ከጎረቤት ግቢዋ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ከለቅሶው ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«አመሌ፣ የመስኮቴ ሰማያዊ ጣውላ ሳስቷል።»

«ምስጥ ነው።»

«ለስልሷል እኮ! እጄን ሳስኬድበት እንደ ሐር ነው። ጥላዬ እልግልሻለሁ እንዳለኝ ነው የሞተው።»

«የድሬ ምስጥ ያለሰልሳል።»

እታገኝ አልሄደችም። አንገቷን ወደ ቤቱ አስግጋ አዳመጠች። «እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው ማነው? ወንድሜን ወንድሜን ይለኛል።»

አመለወርቅ አፏን ከፈተች። ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። የእታገኝን እንባ ያቀረረ ዓይንና ቀና ያለ አገጭ ስታይ ግን አፏን መልሳ ገጠመችው።

«መጋዝ ነው» አለች። «ወደ ቤትሽ ግቢ።»

የአመለወርቅ በር አረንጓዴ ነው። ጥላዬ የገጠመው ገና ሲጋቡ ሲሆን፣ ታችኛው ጠርዙ መሬት ይይዛል፤ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ዕድሜዋን ሙሉ «ይህን በር ላገው» ስትለው «ነገ» ሲላት ኖሯል።

እታገኝ በሄደች ማግስት የመላጊያው አፍ አረንጓዴ ፍቅፋቂ ጎርሶ አደረ።

አመለወርቅ ወደ በሩ ሄደች። ሳትነካው፣ ከትንፋሿ የተነሣ ብቻ ወዲያ ወዲህ አለ። መሬቱን አይነካም። መቀርቀሪያውን ወረወረችና ዱካ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አጣፋች። ግድግዳው ላይ መጋዙ ማንኮራፋቱን አቆመ፤ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መሮው ተራ በተራ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

እዚያው ተቀምጣ አደረች። ፀሐይ ስትወጣ በሩ በጣም ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን አሳለፈ፤ ፋኖስ ላይ እንደተደረገ መዳፍ ቀላ። ብርሃኑ ውስጥ የአንድ አውራ ጣት ጥላ ታየ። ከላይ ጀምሮ የበሩን ጠርዝ እየዳሰሰ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መቀርቀሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ተመለሰና ያንኑ ቦታ ደግሞ ዳሰሰው።

ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ መላጊያው በረጅሙ ተነፈሰ።