ሠላሳኛዋ ቢምቢ

ላቦራንቷ በሻሽ የተሸፈነውን ኩባያ ወደ መብራቱ አስጠግታ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ሃያ ዘጠኝ። ጠዋት የገቡት ሠላሳ ቢምቢዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወባ ያለባቸው፣ ሁሉም ከትናንት ጀምሮ ደም ያልቀመሱ። የሻሹ ላስቲክ ተበጥሷል። ኩባያውን በግራ እጇ ይዛ የሻሹን ጠርዝ በቀኟ ጨመደደች።

«ጋሼ፣ አንዷ የለችም።»

አለቃዋ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈው የሰባት ወር ሆዷ ላይ ነው።

«ውጪ! አሁኑኑ!»

«በሩ ሲከፈት ተከትላኝ ትወጣለች። ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«ስጽፈው አንቺ እርጉዝ አልነበርሽማ!»

ቢምቢዋ ጠግባ ቢሆን ኖሮ ሰውነቷ ከብዷት አንድ ጥግ ግድግዳ ላይ ትለጠፍ ነበር። የተራበች ግን ትንፋሽና ሙቀት ተከትላ ራሷ ትመጣለች። እርጉዝ ሴት ደግሞ አብዝታ ትተነፍሳለች፤ ገላዋም ይሞቃል። ሁለቱም ያውቁታል። አለቃዋ ቢምቢዋን ወደ ራሳቸው ለመሳብ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰብስበው፣ በአፋቸው እፍ እፍ እያሉ መሳቢያው ውስጥ ላስቲክ ይፈልጉ ጀመር።

«እርስዎን የምትቀምስ አይመስለኝም፤ ሲጋራ ሲጋራ ይላሉ።»

«ቀልዱን ተዪና ቀስ ብለሽ ተንፍሺ!»

«ለሁለት ነው የምተነፍሰው፤ እንዴት አድርጌ?»

ያኔ አየቻት። ኩባያውን በያዘው እጇ አንጓ ላይ፣ ኋላዋን ወደ ላይ ሰቅላ ቆማለች።

«ጋሼ፣ እጄ ላይ ናት።»

በጥፊ ቢሏት ኩባያው ይወድቃል። አለቃዋ ቢምቢ በትንፋሽ የሚሳብበትን መምጠጫ ቱቦ አንስተው ቀረቡ። ላቦራንቷ የምትከታተለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢምቢ ስትወጋ መርፌዋ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ መርፌውን የሚሸፍነው አፎት ግን ውጭ ቀርቶ እንደ ክርን ይታጠፋል። ደም ከመሳቧ በፊት ምራቋን ትለቃለች፤ ወባው ደግሞ ያለው እዚያው ምራቋ ውስጥ ነው።

ቱቦው ደረሰ። ቢምቢዋ እልም ብላ ገባች።

አለቃዋ በአጉሊ መነጽር አዩዋትና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ተመስገን! ሆዷ ባዶ ነው። ጠብታ ደም የለባትም!»

ላቦራንቷ አንጓዋን ተመለከተች። ምንም ምልክት የለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«አፎቱ ታጥፎ ነበር» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቱቦው ከመድረሱ በፊት።»

አለቃዋ ስልኩን አንስተው ለቤተ ሙከራው ሐኪም ደወሉ። ጥቂት አዳመጡና ወደ እሷ ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጋችሽ ይላል።»

«አራት ሰዓት ከሃያ» አለች። ድምፅዋ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።