ጫፉ የተሞረደ ሰንጢ

ሰንጢውን ያበላሸችው እሷ ናት። ጥፋቱን የጣለችው ግን ሌላ ሰው ላይ ነው።

ጠዋት አባቷ ክር ሊገዙ ወጣ እንዳሉ፣ ሰንጢውን ከመጠረዣ ጠረጴዛቸው ላይ አነሳችው። ከመንገድ ዳር የተገዛ ርካሽ ታጣፊ ሰንጢ ነው፤ እጀታው ፕላስቲክ፣ ጫፉ ግን እንደ መርፌ የሾለ። አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው፤ የአሮጌ መጽሐፍ ስፌት የሚፈቱት በዚያ ጫፍ ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ክሩን እየሳቱ አውራ ጣታቸውን ይወጋሉ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ቁስሉን በፕላስተር አሽጋላቸዋለች፤ በሦስተኛው ከሥራ አርፍዳ አለቃዋ አፍጥጦባታል።

ስለዚህ ጫፉን ሞርዳ ክብ ልታደርገው ወሰነች። እንጀራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መቅረጽ ነው፤ ትንሿ የመሞረጃ ማሽኗ ቤት ውስጥ አለች። ጥርስ ስትሞርድ እንዳይግል በየመሀሉ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ሰንጢውን ግን ምን ይሆናል፣ ርካሽ ብረት ነው ብላ በደረቁ ያዘችው። አባቷ ሳይመለሱ መጨረስ ነበረባት። ጫፉ እንዳሰበችው ክብ ሆነ፤ ስለቱ ግን ግሎ ሰማያዊ ሆነ፤ ጥንካሬውም ጠፋ። ወረቀት ላይ ስትሞክረው አጠፈው እንጂ አልቆረጠውም።

አባቷ እንደተመለሱ መነጽራቸውን አድርገው ሰንጢውን ዘረጉት፤ አገላበጡት።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ለፉጨት ሰጥቼው ነበር፤ እንዲስለው» አለች።

ፉጨት ቢላ እየዞረ የሚስል ሽማግሌ ነው፤ ደንበኛ የሚጠራው በፉጨት ስለሆነ ሰፈሩ ሌላ ስም አያውቅለትም። ውሸቱ ከአፏ ያመለጣት ሳታስበው ነበር።

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም። ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ።

«ፉጨት የውሃ ጣሳውን አጠገቡ ሳያስቀምጥ ቢላ ነክቶ አያውቅም እኮ» አሉ። «አርጅቷል ማለት ነው፣ ምስኪን።»

ተነስተው ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። የኮቱ ቁልፍ ከጣታቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ሾለከ። ልትቆልፍላቸው እጇን ዘረጋችና ሰበሰበችው።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«እሱ ጋ።»

«ለአንድ ተራ ሰንጢ ልትጣላው?»

«ምን ያጣላኛል? እጅህ ከድቶሃል፣ በቃህ ልለው ነው። ሰው ከኋላው ከሚንሾካሾክበት፣ አንድ ወዳጁ ፊት ለፊት ቢነግረው አይሻልም?»

ፉጨት ጣሳው አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ታያት። አባቷ በሩ ጋ ደርሰዋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የሞረድኩት። ፉጨት በዓይኑም አላየው።»

አባቷ ዞሩ። «አንቺ? ዶክተሯ?» ጥርስ መሥራት ከጀመረች ጀምሮ ሲያሾፉባት እንዲህ ይሏታል። አሁን ግን አልሳቁም። «ያለ ውሃ?»

«ቸኩዬ ነው።»

«እሺ፣ ለምን ሞረድሽው?»

«እንዳይወጋህ ብዬ» አለችና አቆመች። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ጣት ማሸግ ሰልችቷታል። የሰንጢው ጫፍ ከደነዘ አባቷ ሥራውን ራሳቸው ይተዉታል፣ እሷም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትገላገላለች ብላ ነበር።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለች። «ማቆም አለብህ። እኔም ደክሞኛል።»

የታሸገ አውራ ጣታቸውን አዩት።

«አውቃለሁ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ስፌቱ እስከ ግማሽ የተፈታ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተቀምጧል፤ የአንድ ጡረተኛ መምህር ነው። «ይሄን አንዱን ግን በእጄ ልጨርሰው። እሠራልሃለሁ ብዬ ተቀብዬዋለሁ።»

እኔ ልፍታልህ ልትል ነበር። ጥርስ ከመቅረጽ አይብስም፤ በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለች። ቃሉን ዋጠችው። ቦርሳዋን አነሳች።

«አንቺስ ወዴት ነው?»

«ሰንጢ ልገዛ።»

«ጫፉ የሾለ?»

«የሾለ። ስመለስ ፉጨት ጋ አስስለዋለሁ።»

«ምን ልትይው?»

«ስምህን አጥፍቼ ነበር ልለው።»

ከመሳቢያው ፕላስተር አውጥታ መዝገበ ቃላቱ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋችው።