የወረደው ስኳር

ሀፊዝ ሳል ይዞት ሰንብቷል። "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" እያለ ከኮምቦልቻው ፋብሪካ ሥራ አልቀረም። ያን ቀን ጠዋት ግን ከአልጋው ልነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ ቢልቂስ በጎረቤት መኪና አሳፍራው ዳገቱን ወጥታ ደሴ ሆስፒታል አደረሰችው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ ጣቱን ወግታ ደሙን ለካችና "ሦስት መቶ ሰማንያ" አለቻት ለሐኪሟ ለዶክተር ሊዲ።

"ስኳር ነው?" አለች ቢልቂስ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ። "አልሐምዱሊላህ! እኔማ ሌላ ክፉ ነገር መስሎኝ። ጎረቤታችን ሱዓድ እኮ መርፌዋን እየተወጋች ልጅ ድራለች።"

ሊዲ ወደ ጥግ ወሰደቻት። "እናቴ፣ ስኳር ነበረባቸው?"

"ወላሂ ኖሮበት አያውቅም።"

"እኔን ያሰጋኝም እሱ ነው። ከሳንባቸው የተነሳው ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ሰውነት እንዲህ ሲጨነቅ ያለውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ስኳሩን እናወርደዋለን፤ ዋናው ሕመም ግን እሱ አይደለም።"

ቢልቂስ ከዚህ ሁሉ "እናወርደዋለን" የምትለዋን ብቻ ያዘች። ጣቱ በተወጋ ቁጥር ብድግ እያለች "ስንት ሆነ?" ትላለች። ወረደ። ደግሞ ወረደ። ከሰዓት በኋላ መቶ ስድሳ ሲባል እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ለምትኖረው ልጇ ለዊዳድ ደወለች።

"አባትሽ ተረፈልሽ! ስኳሩ ወረደ። ሾርባ ሠርተሽ ነይ፤ ሲነቃ ይርበዋል።"

ስልኩን ዘግታ እጁን ብትይዘው ቀዝቅዟል። ሻርፗን አውልቃ ጠቀለለችለት። "አይዞህ፣ ወርዷል እኮ" አለችው በጆሮው። ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያለውን ግን አልሰማችም። ወዲያው ነርሶቹ ተሯሯጡ፣ እሷንም ወደ ውጭ አወጧት።

ሊዲ ብቅ ስትል ቢልቂስ ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት። ቢሆንም የሐኪሟን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"ቁጥሩ ደህና ነበር እኮ! የኔ ልጅ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እስኪ እንደገና ለኪው።"

ሊዲ አጠገቧ ቁጭ አለች።

ዊዳድ ሾርባውን በፔርሙዝ ይዛ ስትደርስ እናቷን ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

"እማ፣ ወርዷል ብለሽኝ አልነበር?"

"ወርዶ ነበር፣ ልጄ። ወላሂ ወርዶ ነበር።"

ጀናዛውን ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ ዊዳድ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ቢልቂስ ግን ያንን የከንፈሩን እንቅስቃሴ እያሰበች ምን ብሎኝ ይሆን ትላለች፤ እስከ ዛሬም ትላለች።