ቡጢ ተቀባዩ

«ሰማህ?» አለችው የሟቹ አሠልጣኝ ሚስት፣ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለችው።

ሰምቷል። ከወለሉ ሥር፦ ጧ፣ ጧ፤ ጥቂት ዝምታ፤ ጧ። ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ታች ያለው የቦክስ መለማመጃ አዳራሽ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም በእሷ ኪስ ውስጥ ነበር።

«የቧንቧ ድምፅ ይሆናል፣ እትዬ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወለል ላይ ኖሬ የቧንቧ ድምፅ ይጠፋኛል?»

ኀዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አሠልጣኙ ልጅ ሳይወልድ ስለሞተ፣ በልጅ ቦታ የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ «መዶሻው» የሚሉት ሻምፒዮን። ከጀርባው ሁለት ጡረተኛ ቦክሰኞች ይንሾካሾካሉ።

«መዶሻው አልቆለታል። ባለፈው ግጥሚያ እኮ ያሸነፉለት ዳኞቹ ናቸው።»

«ቀስ በል፤ ይሰማሃል።»

«ይስማ! አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል።»

«አንተ ደግሞ መቼ አንበሳ ሆነህ ታውቅና ነው ስለ እርጅናው የምትተርከው?»

የግጥሚያ አዘጋጁ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው። «በኀዘን ላይ አይነሣም ነበር፤ ግን ነገ ስምህን ማሳወቅ አለብኝ። ተጋጣሚህ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር የጣለው ሰው እስካሁን ከአልጋ አልወረደም። ትገጥመዋለህ?»

«ለምን አልገጥመው?»

አዘጋጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር።

ሻምፒዮኑ ይህን ሲመልስ የተማመነው በአንድ ነገር ነበር፤ በሟቹ ትከሻ። አሠልጣኙ ቃል ቆጣቢ ሰው ነበር። ሁለት ወፍራም የቡጢ መቀበያ ፓዶች በእጆቹ አጥልቆ ይቆማል፤ «አምጣ» ይላል፤ ቡጢው ያርፋል፤ ሌላ ንግግር የለም። ባለፈው ዓመት ግን የቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ከልምምድ በኋላ ሸሚዙን መቆለፍ እንኳ ያቅተው ነበር። «ትከሻዬን የበጠስከው አንተ ነህ» ይለው ነበር እየሳቀ። ሻምፒዮኑ ይህን ቃል እንደ ሜዳሊያ ይዞት ኖረ። እግሩ ሲከብደው፣ ጋዜጦች ዕድሜውን ሲቆጥሩበት፣ ያንን ትከሻ ያስባል፤ ትከሻ የሚበጥስ ክንድ እንዴት አርጅቷል ይባላል?

ጧ፣ ጧ።

ሴትዮዋ ተነሣች። «ና፣ ከእኔ ጋር ውረድ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ድሮ ስትመታ የእኔ ወለል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርጭቆዎቼ ይንጫጩ ነበር። አምና ድምፁ እንደዚያው ሆኖ ወለሉ ዝም አለ። ግራ ገብቶኝ ወርጄ በመስኮት አየኋችሁ። ቡጢህ አይደርስም ልጄ። ባሌ ነበር ፓዱን ወደ ፊት እያወናጨፈ ቡጢህን መንገድ ላይ የሚቀበልህ። ድምፁ የእሱ ነበር። ትከሻውን የበጠሰውም ይኸው ነው።»

«ይህ ሐሰት ነው፣ እትዬ።»

«ሐሰት ቢሆን ደስ ባለኝ። ምታና እንየው።»

ቁልፉን ከፈተች። ድምፁ ቆመ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ የተንጠለጠሉት የመምቻ ጆንያዎች አይንቀሳቀሱም። ፓዶቹ በመድረኩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ እጇን አስገባችና ወዲያው አወጣች።

«ምነው?»

«ይሞቃል።»

ቢሆንም አጠለቀቻቸው። ባሏ በሚቆምበት ቦታ ቆማ፣ ፓዶቹን በፊቷ ትይዩ ያዘች። «እኔ ግን እንደ እሱ ወደ ቡጢህ አልመጣልህም» አለችው።

ኮቱን አውልቆ ቆመ። የመጀመሪያው ቡጢ አራት ጣት ያህል ሲቀረው አየር ላይ አለቀ። ርቀቱን አሳስቶ የለካ መሰለው፤ ተጠግቶ ደገመ። ሁለተኛው የፓዱን ጠርዝ ዳሰሰ፤ ድምፅ አላወጣም። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሦስተኛውን ባለው ጉልበት ሁሉ ላከው።

ጧ!

አዳራሹ አስተጋባ። ቡጢው ገና መንገድ ላይ ሳለ ፓዱ መጥቶ ተቀበለው። ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተስባ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «እኔ እጄን አላነቃነቅኩም።»

ከላይ ለቀስተኞች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። ፓዶቹ አልወረዱም። ክርኖቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድም ቀን አሟት የማያውቀው የቀኝ ትከሻዋ ወደ ታች ዘምሟል፤ ልክ እንደ ባሏ። ፓዶቹ ቀጣዩን ቡጢ ይጠብቁ ነበር።

ሻምፒዮኑ አሁን ሁሉንም አወቀ። የሚያስፈራው የአሠልጣኙ መሞት ሳይሆን፣ ሞቶም አለማረፉ ነበር። ነገ ስሙን ቢሰጥ፣ ወር ቢለማመድ፣ ይህ ሰው በየማለዳው እየመጣ ይቀበለዋል፤ በየማለዳው ትከሻው ይበጠሳል። በግጥሚያው ቀን ግን ከፊቱ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው።

«ጋሼ» አለ ወደ ፓዶቹ እያየ። «ይብቃዎት። አልገጥምም።»

ፓዶቹ እንደተነሡ ቀሩ።

ጡጫውን ፈታ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ከዚያም ክፍት መዳፉን በፓዱ ላይ በቀስታ አሳረፈ፤ ክርኖቿ መንቀጥቀጥ እስኪያቆሙ ድረስ አላነሣውም።